ስድስት ወር የዋጥኩት የዓሣ ዘይት ለድብርቴ ምን አደረገልኝ?

የብልቃጡ ፊት ላይ በትልቁ «1000 ሚሊግራም» ይላል። ከሥሩ ልብ፣ አንጎል፣ ኢሙኒቲ (የሰውነት መከላከያ) የሚሉ ቃላት ተደርድረዋል። 60 ፍሬ የዓሣ ዘይት ነው፣ ኦሜጋ 3 የሚባለው። የገዛሁት ጥቅምት ላይ ከአንድ ፋርማሲ ነው። ያኔ ድብርቱ ለሁለተኛ ጊዜ ተመልሶብኝ ነበር። ጠዋት ከአልጋ መነሳት ዳገት ሆኖብኛል፣ ማታ ደግሞ ምንም ነገር ሳይኖር ልቤ እየመታ፣ እጄን እያላበኝ፣ ጣሪያ እያየሁ አነጋለሁ። ሐኪሜ ፍሉኦክሰቲን የሚባል የድብርት መድኃኒት 20 ሚሊግራም ጻፈችልኝ። ወረቀቱን ይዤ ስገባ ሻጯ አየችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እህቴ፣ ይሄን ከምትጀምሪ ኢሙኒቲሽን ብታጠነክሪ አይሻልም? ድብርት እኮ ኢሙኒቲ ሲዳከም ነው የሚመጣው» አለችኝ። ከዚያ ይሄን ብልቃጥ ከመደርደሪያ አወረደችልኝ።

ሁለቱንም ገዛሁ። መድኃኒቴን አልተውኩም፣ ተመስገን።

ልጅቷ ክፉ አስባ አይደለም። ግን የነገረችኝ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ይሄን ግምገማ ለመጻፍ የተነሳሁትም በዋናነት ለዚህ ነው፤ ምክንያቱም ያቺን ዓይነት ምክር ሰምተው መድኃኒታቸውን ጥለው የወጡ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። በአንዳንድ ሰው ድብርት ውስጥ የሰውነት መከላከያ እጁ እንዳለበት የሚያሳይ ብዙ መረጃ አለ። ነገር ግን ችግሩ መዳከሙ አይደለም። ማረፍ ሲገባው ነቅቶ መቆየቱ ነው።

ጉንፋን ወይም ምች ሲመታችሁ የሚሰማችሁን አስታውሱ። ሰው ያስጠላል። ምግብ አፍ ላይ እንጨት ይሆናል። ስልክ ሲጠራ ማንሳት ይከብዳል፣ የሚያስቅ ነገር አያስቅም፣ አልጋ ውስጥ ተሸፋፍኖ መተኛት ብቻ ነው የሚያምረው። እናቶቻችን ዳማከሴ ጨምቀው ሲሰጡን እንኳ «ተዉኝ» ነው የምንለው። ይሄን ሁሉ የሚያደርገው ቫይረሱ ብቻ አይደለም። የራሳችን መከላከያ ነው። ነጭ የደም ሴሎች ጠላት ሲያዩ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ይለቃሉ። መልእክቱ በደም በኩልም፣ ቬገስ በሚባለው ረጅም ነርቭ በኩልም አንጎል ይደርሳል። አንጎልም «ተኛ፣ አትውጣ፣ ጉልበትህን ቆጥብ» ብሎ ያዛል። ለሦስት ቀን ሕመም ይሄ ጥበብ ነው። ለሦስት ወር ሲቆይ ግን ከድብርት ምልክቶች ጋር ቁጭ ብሎ መልኩ አንድ ይሆናል።

እኛ አገር እኮ ድካምና የስሜት መውደቅ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ታይፎይድን ነው። «ታይፎይድ ነው መሰለኝ» ማለት «ድብርት ይዞኛል» ከማለት ይቀላል፣ ሰው አያፈጥብህም። እኔም መጀመሪያ የተመረመርኩት ታይፎይድ ነበር። በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ ስጀምር ያስገረመኝ ምን መሰላችሁ? እንግሊዝ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ጤነኛ ወጣቶችን የታይፎይድ ክትባት ወግተው ስሜታቸውን ለክተዋል። ክትባቱ በሽታ አያመጣም፣ መከላከያውን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይቀሰቅሰዋል። ያም ሆኖ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የወጣቶቹ ስሜት ወረደ። ጀርመን ሙኒክ ውስጥም በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። ጤነኛ ወንዶች ከባክቴሪያ ግድግዳ የተወሰደ ነገር በጣም በትንሹ ተወጉ፣ ጭንቀታቸውም ጨመረ፣ ስሜታቸውም ወረደ። ጭንቀትም አለበት ማለት ነው፣ ድብርት ብቻ አይደለም። ይሄን ሳነብ አለቀስኩ። ለዓመታት «ደካማ ስለሆንኩ ነው፣ እምነቴ ስላነሰ ነው» እያልኩ ራሴን ስከስ ነበርና።

ከሁሉም ጠንካራው ማስረጃ የመጣው ግን ከመድኃኒት ነው። ኢንተርፌሮን የሚባል መርፌ አለ፣ መከላከያውን ሆን ብሎ የሚያነቃ። አሁን ያሉት ክኒኖች ከመምጣታቸው በፊት ለሄፓታይተስ ሲ ይሰጥ ነበር፣ ለአንዳንድ ካንሰርም። ከሚወስዱት ውስጥ ብዙዎቹ ከባድ ድብርት ውስጥ ይገቡ ነበር፤ ከዚያ በፊት ተደብረው የማያውቁ ሰዎች ጭምር። በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት የቆዳ ካንሰር ያለባቸው 40 ሰዎች ኢንተርፌሮን ከመጀመራቸው በፊት ግማሾቹ ፓሮክሰቲን የሚባል የድብርት መድኃኒት፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ተሰጣቸው። ባዶውን ከወሰዱት ውስጥ 45 ከመቶ የሚሆኑት ድብርት ያዛቸው። ፓሮክሰቲን ከወሰዱት 11 ከመቶ። እዚህ ጋ ቆም በሉ። ድብርቱ ከመከላከያው ቢመጣ እንኳ ያ «አትጀምሪው» የተባልኩት ዓይነት መድኃኒት ነው ያዳናቸው። ኢሙኒቲን የሚያነቃው ደግሞ ነው ያደበራቸው። ታዲያ «ኢሙኒቲ ቡስተር» ለድብርት እንዴት ነው የሚሸጠው?

ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ልበል። ሴሮቶኒንን፣ ስሜት ላይ ድርሻ ያለውን የአንጎል መልእክተኛ፣ ሰውነታችን የሚሠራው ከምግብ ከሚገኝ ትሪፕቶፋን ነው። ብግነት ሲኖር (ሐኪሞች ኢንፍላሜሽን የሚሉት፣ ሰውነት ከውስጥ መቆጣቱ) ትሪፕቶፋኑ ወደ ሌላ መንገድ ይዞርና ኪኑሬኒን ወደሚባል ነገር ይቀየራል። ከዚያ የሚወጡ አንዳንድ ነገሮች የአንጎል ሴሎችን ይጎዳሉ ተብሎ ይታሰባል። ሙሉው ታሪክ ከዚህ ይሰፋል፣ ለዛሬ ይሄ ይበቃናል።

አሁን ወደ ምርመራው። ሲ-አር-ፒ የሚባል የደም ምርመራ አለ። ብግነት ሲኖር ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ድብርት ላለበት ሰው በየትም አገር መደበኛ ምርመራ አይደለም፣ እኔ ጠይቄ ነው ያሠራሁት። መጀመሪያ የሄድኩበት ላብራቶሪ ውጤቱን «ኔጌቲቭ» ብሎ ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ ለሐኪሜ ሳሳያት «ይሄ አይጠቅመንም» አለችኝ። ያ በስላይድ ላይ የሚሠራው ተራው ምርመራ በሊትር 6 ሚሊግራም ገደማ ካልደረሰ አያሳይም። ለዚህ ጉዳይ የሚፈለገው ደግሞ ከዚያ በታች ያለው ነው፦ ከ1 በታች ዝቅተኛ፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ ከፍ ያለ ይባላል። ስለዚህ «ሃይ ሴንሲቲቪቲ» የሚባለውን ነው መጠየቅ ያለባችሁ። ሁሉም ላብራቶሪ አይሠራውም፣ ዋጋውም ከተራው ይከብዳል። ላብራቶሪው ስከፍል እንኳ ልዩነቱን አልነገረኝም፣ በዚህ አዝኛለሁ።

ሁለተኛው ቦታ በትክክል ሠሩልኝ። 7.2 መጣ። ደነገጥኩ። ሐኪሜ ግን «ጉንፋን ይዞሽ ነበር አይደል? ሦስት ሳምንት ቆይተሽ ድገሚው» አለች። እውነትም ስደግመው 4.3 ሆነ። ይሄን ልብ በሉ፦ ጉንፋን፣ የጥርስ ሕመም፣ ቁስል፣ ሁሉም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ውፍረትም፣ ሲጋራም፣ እንቅልፍ ማጣትም። አንድ ውጤት አይታችሁ ራሳችሁን አታስጨንቁ።

ድብርት ካለባቸው ሰዎች ውስጥ ይህ ቁጥር ከ3 የሚያልፈው በአራት አንዱ ገደማ ነው። አብዛኛው ሰው እዚያ ውስጥ የለም። ለምን ይሄን እላለሁ? በ2013 እ.ኤ.አ. አትላንታ በሚገኘው ኤመሪ ዩኒቨርሲቲ በመድኃኒት አልለቅ ያላቸው 60 የድብርት ታማሚዎች ተጠኑ፤ ግማሾቹ ኢንፍሊክሲማብ፣ ግማሾቹ ባዶ መርፌ ተሰጣቸው። ኢንፍሊክሲማብ ለመገጣጠሚያ ብግነት የሚሰጥ ከባድ መድኃኒት ነው፣ ሳይቶካይንን የሚያስር። በአጠቃላይ ሲታይ ከባዶው መርፌ አልበለጠም። ግን ሲ-አር-ፒያቸው ከ5 በላይ የነበሩት ለብቻ ሲታዩ ተሻላቸው። ዝቅተኛ የነበሩት ደግሞ ባዶውን የወሰዱት ነው የተሻላቸው። ድብርት አንድ በሽታ ይመስላል እንጂ መግቢያ በሩ ብዙ ነው። የኔ ድብርት በአንድ በር ገብቶ ይሆናል፣ የወንድሜ በሌላ።

እሺ፣ ዘይቱ። ብልቃጡን አዙሩት። ከኋላ በትንንሽ ፊደል ነው እውነቱ ያለው። የኔ ላይ «ኢፒኤ 180 ሚሊግራም፣ ዲኤችኤ 120 ሚሊግራም» ይላል፣ ሁለቱም የኦሜጋ 3 ዓይነቶች ናቸው። ፊት ለፊት የተጻፈው 1000 የዘይቱ ክብደት ነው፣ የሚፈለገው ኦሜጋ 3 ግን ከዚያ ውስጥ 300 ብቻ ነው። በድብርት ጥናቶች ውስጥ የተሻለ ውጤት የታየበት ኢፒኤ የሚበዛበት ዘይት ነው፣ መጠኑም በቀን ከ1 እስከ 2 ግራም ኢፒኤ። ስለዚህ በዚህ ብልቃጥ አንድ ግራም ለመድረስ በቀን ስድስት ፍሬ መዋጥ አለብኝ። 60 ፍሬ በአሥር ቀን አለቀ ማለት ነው። ወረቀቱ «በቀን አንድ» ነው የሚለው። በቀን አንዷን እየዋጠ «ኦሜጋ 3 ሞክሬ አልሠራልኝም» የሚል ሰው ካለ፣ ገና አልሞከረውም።

ጥናቱ ራሱም ሁሉም አንድ ነገር አይልም። ኦሃዮ ውስጥ ከ68 የሕክምና ተማሪዎች ከፊሎቹ ለ12 ሳምንት በአብዛኛው ኢፒኤ የሆነ 2.5 ግራም ኦሜጋ 3 በየቀኑ፣ ሌሎቹ ባዶ ክኒን ወስደው ነበር፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ዘይቱን የወሰዱት ሰዎች ጭንቀት ባዶ ክኒን ከወሰዱት በ20 ከመቶ ቀነሰ። ድብርታቸው ላይ ግን ለውጥ አልታየም። ሌላ ጥናት ደግሞ ድብርት ባለባቸው 155 ሰዎች ላይ ተሠርቷል። በአጠቃላይ ዘይቱ ከባዶ አልተለየም፣ ብግነታቸው ከፍ ያለው ግን በኢፒኤ የተሻለ ውጤት አገኙ። ከኢንፍሊክሲማቡ ጋር አንድ ዓይነት ታሪክ ነው። ጤነኛ ሆናችሁ ድብርት እንዳይዛችሁ ብላችሁ ልትወስዱት ካሰባችሁ ደግሞ ገንዘባችሁን አስቀምጡ። አሜሪካ ውስጥ ከ18 ሺህ በላይ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናት ግማሾቹ ለአምስት ዓመት ገደማ በቀን 1 ግራም የዓሣ ዘይት ወስደው ድብርትን አልተከላከለላቸውም።

የኔስ? የመጀመሪያውን ብልቃጥ በቀን አንድ ፍሬ ስውጥ ሁለት ወር ፈጀሁ። ምንም። ከዚያ ለሐኪሜ ነግሬ ኢፒኤው 500፣ ዲኤችኤው 250 የሆነ ሌላ ብልቃጥ ውጭ አገር ያለች እህቴ ላከችልኝ፣ በቀን ሁለት ፍሬ። ፍሉኦክሰቲኑ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ጠዋቶቼን ማቅለል ጀምሮ ነበር። በዘይቱ ሦስተኛ ወር ላይ የማታው የልብ ምት ቀነሰ። አሁን እውነቱን መናገር አለብኝ። በነዚያ ወራት ድዴን አሳክሜያለሁ። ለዓመታት ጥርሴን ስቦርሽ ይደማ የነበረው ድድ ራሱ አንድ የብግነት ምንጭ ነው፣ 4.3ን አይታ ጥርስ ሐኪም ዘንድ የላከችኝም ሐኪሜ ናት። በየቀኑ ጠዋት በእግሬ እሄዳለሁ። ስልኬን መኝታ ክፍል ማስገባት ትቻለሁ። ሚያዝያ ላይ ሲ-አር-ፒዬ 2.6 ሆነ። ከዚህ ውስጥ ዘይቱ የቱን እንዳደረገ ልነግራችሁ አልችልም፣ የሚነግራችሁም ሰው ካለ አትመኑት። እኔ ግምቴን ከተጠየቅሁ ትልቁን ድርሻ ለመድኃኒቱና ለእንቅልፉ፣ ቀጥሎ ለድዱ እሰጣለሁ። ዘይቱ ትንሽ አግዞኛል ብዬ አስባለሁ፣ በተለይ ጭንቀቱን።

ስለ ዕቃው ራሱ። የመጀመሪያው ፍሬው ትልቅ ነው፣ ጉሮሮ ላይ ይይዛል። በባዶ ሆድ ከተዋጠ ቀኑን ሙሉ የዓሣ ግሳት ነው፣ ከምሳ ጋር ይሻላል፣ በዚያ ላይ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ሰውነት በደንብ ይወስደዋል። አንዷን ቆርጣችሁ አሽትቱት። ኃይለኛ የተበላሸ ሽታ ካለው ዘይቱ ተበላሽቷል፣ መልሱት። ፀሐይ የሚያገኘው መስታወት ውስጥ የተደረደረ ብልቃጥ አትግዙ። ጾም የምትጾሙና ሐላል የምትጠይቁ ደግሞ የፍሬውን ሽፋን ጄላቲን ከምን እንደተሠራ አንብቡ፣ ከከብት፣ ከአሳማ ወይም ከዓሣ ሊሆን ይችላል። የኔ የመጀመሪያው ብልቃጥ አልጻፈውም፣ ለዚህ ብቻ አንድ ኮከብ ቀንሼበታለሁ።

አንድ ነገር በጣም አደራ። «የዓሣ ዘይት» እና «የዓሣ ጉበት ዘይት» አንድ አይደሉም። የጉበቱ ቫይታሚን ኤ አለበት። ኢፒኤ ለመሙላት ብላችሁ ያንን በቀን ስድስት ብትውጡ ቫይታሚኑ ይበዛባችኋል፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ አደገኛ ነው። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ የልብ ምት መዛባት ያለባችሁ፣ ሐኪም ሳትጠይቁ ብዙ አትውሰዱ።

እናቴ ይሄን ሁሉ ስታይ «ልጄ፣ ተልባ እያለ ለምን ትከስሪያለሽ?» አለችኝ። ተልባም ኦሜጋ 3 አለው፣ እውነቷን ነው። ግን ዓይነቱ ሌላ ነው፣ ሰውነት ወደ ኢፒኤ የሚቀይረው ጥቂቱን ብቻ ነው። ለሆድ ግን ምርጥ ነውና ጠዋት ጠዋት እጠጣለታለሁ። የሐይቃችን ቆሮሶም ጣፋጭ ነው እንጂ በኢፒኤ ድሃ ነው። ገንዘብ ለሚያጥረው ሰው የኔ ምክር የቆርቆሮ ሳርዲን ነው፣ 100 ግራሙ ውስጥ ኢፒኤና ዲኤችኤ ተደምረው ወደ 1 ግራም ይጠጋሉ።

ለመጀመሪያው ብልቃጥ ከአምስት ሁለት ኮከብ። ለሁለተኛው ሦስት ተኩል፣ መድኃኒት ላይ ተጨምሮ ከሆነ ብቻ። ለትክክለኛው የሲ-አር-ፒ ምርመራ አራት፣ ግን ለሁሉም ሰው አልመክረውም፣ ውጤቱን ቁጭ ብሎ የሚያነብላችሁ ሐኪም ከሌለ ጭንቀት ብቻ ነው የምትገዙት። መኖር ያስጠላችሁ፣ ራሳችሁን ስለማጥፋት የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ ብልቃጥ አትፈልጉ። ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩና ሆስፒታል ሂዱ።

ባለፈው ሳምንት ፍሉኦክሰቲኔን ለመውሰድ እዚያው ፋርማሲ ተመልሼ ነበር። ልጅቷ አስታወሰችኝ፣ «ተሻለሽ አይደል? ዘይቱ ነው!» አለች እየሳቀች። ብልቃጡን ከመደርደሪያ አስወርጄ ከኋላ ያለውን 180 በጣቴ አሳየኋት፣ ስድስት ፍሬ እንደሚያስፈልግ አብረን ቆጠርን። ድድ ስለማሳከሜም፣ መድኃኒቱን አንድ ቀን እንኳ እንዳላቋረጥኩም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ከኋላዬ ተራ ይጠብቅ የነበረ ልጅ የያዘውን የሐኪም ወረቀት ተቀበለችው፣ አነበበችው፣ የታዘዘለትን ብቻ አውጥታ ሰጠችው።